ወለተ ማርያም በሂንዱ ቤተ መቅደስ

«እዚያ ባሕሩ ዳር ባለው ቤተ መቅደስ የተለመነ ነገር አይቀርም።» ባለፈው ሂንዱው ጎረቤታችን ራጄሽ ሕንድ አገር ሊሳለም ሲነሳ የነገረኝ ነው።

ለአክስቴ ለእትዬ በላይነሽ ስተረጉምላቸው፣ የዚህን አገር የዜግነት ፈተና እንዲያልፉ ለምንልኝ ብለው ወዲያው አደራ አሉት።

ዛሬ ተመልሶ በራችንን አንኳኳ።

«ስሜን በደንብ ጠራህልኝ?» አሉት። አስተርጓሚው ያው እኔ ነኝ።

«ወለተ ማርያም ብዬ ጠርቻለሁ፣ እማማ።»

የክርስትና ስማቸውን ነው የሰጡት። በዓለም ስምማ ጸሎት እንዴት ይደርሳል!

ከቤተ መቅደሱ ያመጣላቸውን ጣፋጭ ግን አልነኩም። ወተት አለበት፣ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

ኦኬ፣ እናንተ ቤትስ የጸሎት አደራ እስከ የት ድረስ ተልኳል? እስኪ ጻፉልኝ።

ፈተናው ሰኞ ነው። እትዬ የጥያቄዎቹን መጽሐፍ ገና አልገለጡትም።