የምሳው ቤት ባለመትረየስ መኪና

ማንጠግቦሽን ልጇ ፀደይ በስሟ ነው የምትጠራት። "ማንጠግቦሽ፣ ጨው አቀብዪኝ" ትላታለች፣ ለጎረቤት እንደሚባለው። "እማ" የሚለው ስም ለአያቷ ለወይዘሮ ጥሩሐረግ ከተሰጠ ቆይቷል። አያት ያሳደገው ልጅ እናቱን በስሟ ሲጠራ በሰቆጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግማሹ ሰፈር እንደዚያው ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ማንጠግቦሽን ግን በየቀኑ ይወጋታል። ከቤሩት ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀደይ አንድ ቀን "እማ" ብላ እንድትጠራት።

የሄደችው በሰማንያ ስምንት ዓ.ም ነው። ዝናቡ ቀርቶ ማሳው ዘሩን እንኳ ሳይመልስ የቀረበት ዓመት ነበር፤ የፀደይ አባትም ወደ ሁመራ ለሥራ እንደወረደ በዚያው ጠፍቷል። ፀደይ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ማንጠግቦሽ ልጇን ለእናቷ ትታ ባሕር ተሻግራ ስትገባ፣ የተቀጠረችበት ቤት ውስጥ በእድሜ የፀደይ እኩያ የሆነ ልጅ ጠበቃት። ካሪም ይባላል። የተቀጠረችው ለጽዳት ነው ቢባልም ሥራዋ ሁሉ እሱ ሆነ። አጠበችው፣ አበላችው፣ አስተኛችው። አማርኛ ሳይቀር አስተማረችው፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በአማርኛ ነበር የምታጫውተው።

በባሕሩ ዳር አንድ የመጫወቻ አዳራሽ ነበር። እዚያ እንደ እውነተኛ መኪና መሪና ፔዳል ያለው ትልቅ የጌም ሳጥን ቆሟል። ስክሪኑ ላይ፣ ጣሪያዋ ላይ መትረየስ የተጠመደባት ቀይ መኪና በረሃውን ሰንጥቃ ትከንፋለች፤ የሚያሳድዷት መኪኖችም ከኋላዋ ይግተለተላሉ። ካሪም እግሩ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ ጭኗ ላይ ይቀመጥና እሱ ይተኩሳል፣ እሷ ትነዳለች። የእውነተኛ መኪና መሪ ነክታ የማታውቀው የዋግ ልጅ እንዲህ አድርጋ ሾፌር ሆነች። ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር አወቀችው። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ካሪም አደገና ሞግዚት አያስፈልገውም ተባለ፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች።

ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ምሳው የሚባል ጎረምሳ ከገበያው በታች ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወንዶቹ ልጆች እዚያ ይታጎራሉ፤ ከሴት ግን ፀደይ ብቻ ናት። ሰፈሩም ማውራት ጀመረ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ልጅቷን መምከር ሲታክታቸው፣ አንድ ቅዳሜ አርጩሜ ቆርጠው ለማንጠግቦሽ ሰጧትና፣ "እንግዲህ እናቷ ነኝ ካልሽ ሂጂና አምጫት" አሏት። ማንጠግቦሽ አርጩሜውን ይዛ ወጣች እንጂ መምታቱን አላሰበችውም። ያላሳደጉትን ልጅ በየትኛው ወግ ይገርፉታል?

መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ደንግጣ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ያቺው ቀይ መኪና ናት። ምሳው የድሮ ጌሞች የታጨቁበት ሲዲ ከደሴ አስመጥቶ ኖሯል። ያ ሁሉ ግዙፍ ሳጥን ከመጽሐፍ በማይበልጥ ጥቁር ማሽን ውስጥ ገብቶ እዚህ ድረስ መጥቶባታል። ልጆቹ "ባለመትረየሷ" ይሏታል። ከአዲሱ የኳስ ጨዋታ አጠገብ ስትታይ ሥዕሏ የደበዘዘ ያረጀች ነገር ናት፤ ነገር ግን ጨዋታው ውስጥ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም እልህ ይዞታል። ተራው የፀደይ ነበር። ድልድዩ ላይ ስትደርስ መኪናዋ ጋየች፣ ልጆቹም ሳቁባት።

"ድልድዩ ላይ አትውጪ፤ በወንዙ ውስጥ መንገድ አለ" አለች ማንጠግቦሽ፣ ሳታስበው።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ነጠላ የለበሰች፣ አርጩሜ የያዘች ሴት ስለ ጌም ስትናገር ሰምተው አያውቁም። ምሳው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አቀበላት፤ ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ይተኩሳል። አርጩሜው እዚያው መሬት ላይ ቀረ። ልትጀምር ስትል የፀደይን አያያዝ አየች። ልጅቷ ጆይስቲኩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ግራ እጇን በላዩ አሻግራ ነው የምትተኩሰው። ማንጠግቦሽ እጇን ይዛ ወደ ቀኝ መለሰችው፤ እንዲህ አይያዝም አለቻት። ፀደይ እጇን ነጠቀቻት።

"ተያት እትዬ" አለ ምሳው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ፀደይ ግራኝ ናት እኮ።"

ማንጠግቦሽ ፊቷ ነደደ። ማታ ማታ ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ስትጽፍ እሷ አጠገቧ ትቀመጥ የለም እንዴ? አይታ አላየችም። የጌም ቤት ጎረምሳ የሚያውቀውን እናት ተብዬዋ አታውቅም።

ለማፈር እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ መኪናዋ ተነሥታለች። ማንጠግቦሽ ነዳች፣ ፀደይ ተኮሰች። በወንዙ አሸዋ ገብተው ድልድዩን በሥሩ አለፉት፣ ማንም ያላየው ከተማ ብቅ አለ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ፀደይ ትከሻዋን ወደ እሷ አስጠጋች። እናቷ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ስትቀርባት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ማንጠግቦሽ ልቧ ሞልቶ የት እንዳለች ረሳች፤ ከኋላ ጠላት ሲደርስባቸው አፏ የለመደውን አወጣ።

"ተኩስ፣ ካሪም! ተኩስ የኔ ልጅ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ፀደይ ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች። "የኔ ልጅ" የሚለውን ቃል ማንጠግቦሽ ለፀደይ ብላው አታውቅም፤ እንዳትገፋት ፈርታ ዓመት ሙሉ ስትቆጥበው ኖራ፣ ሲወጣ ለሌላ ሰው ልጅ ወጣ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የፀደይ ስም ካሪም ሆነ። ወንዶቹ ከሩቅ "ካሪም፣ ተኩስ!" እያሉ ይጮኹባታል። እሷም ማንጠግቦሽን በስሟ እንኳ መጥራቱን ተወች፤ የሚያስፈልጋትን በአያቷ በኩል ታስጠይቃለች። ማንጠግቦሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግ ጀመር።

አንድ ከሰዓት ወይዘሮ ጥሩሐረግ ለቅሶ ሄደው ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ፀደይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች፣ በግራ እጇ። ቀና ሳትል ካሪም ምን ይወድ እንደነበር ጠየቀቻት። ማንጠግቦሽ ልጅቷ ስላናገረቻት ብቻ ደስ ብሏት ዘረገፈችው፤ ሩዝ በወተት ይወዳል፣ ቲማቲም አይነካም፣ መብራት ከጠፋ አይተኛም፣ ነጎድጓድ ሲሰማ እግሯ ሥር ይወሸቃል፣ ከደረጃ ወድቆ አገጩ ላይ ጠባሳ አለው።

"እኔስ?" አለች ፀደይ።

ማንጠግቦሽ ምስሩን የሚለቅመውን እጇን አየች።

"አንቺ... ግራኝ ነሽ።"

"እሱንም የነገረሽ ምሳው ነው።"

ማንጠግቦሽ የምትለው ብዙ ነበራት። የሄድኩት ላንቺ ብዬ ነው፣ የለበስሽው ሁሉ የኔ ላብ ነው ልትል ትችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጅቷ የጠየቀቻት እሱን አልነበረም።

"አዎ፣ ምሳው ነው የነገረኝ" አለች። "ሌላ የማውቀው የለኝም።"

ፀደይ የቀረውን ለቅማ ጨረሰች። ምስሩን አንፍሳ ጠጠሩን በደጅ ደፋችና ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ነገ ምሳው ቤት እሄዳለሁ። ከፈለግሽ ነይ" አለች። "የምነዳው ግን እኔ ነኝ፣ ማንጠግቦሽ።"

ማንጠግቦሽ እሺ አለቻት። ያን ቀን በስሟ መጠራቷ ትክክል መስሎ ታያት።