ምስክሯ አትደግምም

የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ግትሯ ይላታል፤ እሷም ስሙን የጠላችው አይመስልም። ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ከአለቃዋ ጋር አይጥና ድመት ናቸው።

የጠባቸው መነሻ አንድ ነው። የችሎት ጸሐፊዎች የምስክር ቃል የሚተይቡት ብሮውዘር ላይ በሚከፈት ገጽ ነው። የኢንተርኔት መስመር ከተቋረጠ ገጹ ድርቅ ይላል፤ እንደገና ሲከፈት ደግሞ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ዳኛው «ይድገሙት» ይላሉ። ግትሯ አንድ ሽማግሌ ሲደግሙ ሰምታለች፤ ግማሹን ቃላቸውን ዋጡት። በማግስቱ፣ የተተየበውን ሁሉ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር ላይ፣ በደህና ሲደርስ ደግሞ ራሱ የሚያጠፋ አጭር ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ጻፈች።

«የሰው ምስጢር በየጸሐፊው ኮምፒውተር ይዝረክረክ ነው የምትይው? አውጪው!» አለ አለቃዋ።

«አላወጣውም። ከፈለጉ እኔን ያውጡኝ።»

«እንግዲህ ጉድ ቢፈላ እኔ የለሁበትም!»

ማክሰኞ ጠዋት ግትሯ ሥራዋን ልታይ ችሎቱ ጥግ ቆማለች። አንዲት ወጣት ባሏ ያደረሰባትን በደል አንገቷን ደፍታ ትናገራለች። ባልየው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አፍጥጦባታል። ድንገት መስመሩ ተቋረጠ፤ ገጹ ደረቀ።

የዚያ ፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ክፉ ልማድ፣ ገጽ በደረቀ ቁጥር ብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ መጥረግ ነው፤ ይህ ደግሞ የግትሯ ፕሮግራም ያስቀመጠውን ቃል ጭምር ያጠፋል። ጸሐፊዋም ማውሱን ወደ «ሁሉንም አጥፋ» ወሰደችው።

«ልጄ፣ ከመጀመሪያው ድገሚው» አሉ ዳኛው። ባልየው ፈገግ አለ።

«አልደግመውም!» አለች ወጣቷ። «አንዴ ለመናገር ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ!» ብላ ግትሯ ጸሐፊዋ ላይ ጮኸች። ጸሐፊዋ ደንግጣ ማውሱን ለቀቀችው።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ዳኛው ተቆጡ።

«ክቡር ዳኛ፣ በኋላ ይቅጡኝ። አሁን ግን ይህን ኮምፒውተር ማንም አይነካውም!»

መስመሩ እስኪመለስ ጠረጴዛው አጠገብ ተገትራ ጠበቀች። ከዚያ ገጹን ራሷ ከፈተችው። የወጣቷ ቃል እስከ መጨረሻዋ ፊደል ቦታው ላይ ነበር።

«ሁሉም አለ?» ጠየቀች ወጣቷ።

«አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ እህቴ።»

ወጣቷ ወደ ባሏ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እንግዲያውስ ጻፉ» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»