የፑል ዱላን ላላ አድርጎ ስለ መያዝ

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ታከር የምትባል ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ፑል ቤት ክንዷን ይዤ አውጥቻታለሁ። ጓደኞቿ እያዩ ነበር። ከዚያ ስኔልቪል ከተማ እስካለው ቤታችን ድረስ፣ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ድምፄን ከፍ እያደረግኩ፣ ስለ ሥራ ፈትነት መከርኳት። አገር ቤት እኔ ባደግኩበት ሰፈር ፑል ቤት የሚውል ልጅ መጨረሻው አያምርም ይባል ነበር። አባቴ ነገረኝ፤ እኔም ሳልመረምር ተቀብዬ አስተላለፍኩ። ልጄ መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እያሸነፍኩ ነበር።”

አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መሀል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ገባኝ ብያለሁ። እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ እናቷን ታስቃለች። እኔን “ጤና ነው፣ አባዬ?” ትለኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። በዚያው ያበቃል። አልተጣላንም። ግን አንድም ነገር አድርግልኝ ካለችኝ ዓመታት አልፈው ነበር።

ባለፈው ጸደይ አንድ እሑድ እጇን ታጥባ ስትመለስ ፊቴ መጥታ ቆመች።

“አባዬ፣ ሥራ ቦታችን የፋሚሊ ቀን አለ። ፑል ቶርናመንት። ሁሉም ከቤተሰቡ አንድ ፓርትነር ያመጣል።”

“እና?”

“እና ፓርትነር ያስፈልገኛል።”

“እናትሽስ?”

“እምቢ አለች።”

“ወንድምሽስ?”

“እሱም እምቢ አለ።”

“እሺ” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከእሷ ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ሦስተኛ ተመራጭ መሆኔ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ስንተኛ ሆኜ ተጠራሁ እያለ የሚቆጥር ሰው መጨረሻ ላይ የሚጠራው ያጣል። የፈራሁት ሌላ ነበር። በባልደረቦቿ ፊት ካዋረድኳት ሁለተኛ አትጠይቀኝም።

እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ የቧንቧ ሥራን ከቪዲዮ፣ የመኪና ፍሬን መቀየርን ከራሴ ስህተት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ልጄን “አስተምሪኝ” ማለት በሐሳቤም አልመጣም። የቤታችን መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ገባሁ፣ የመወልወያውን እጀታ ነቀልኩ፣ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዘረጋሁ፣ ከኩሽና ስምንት ሎሚ ወሰድኩ።

ሎሚ ክብ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንዱ ግድግዳው ላይ ፈነዳ። ሁለቱ መኪናው ሥር ገቡ። ባለቤቴ በድምፁ ተስባ መጣች።

“አንተ ሰውዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?”

“እየተለማመድኩ ነው።”

“ምን? ሎሚ መግደል?” የፈነዳውን አየች። “ለሰላጣ የገዛሁት ነበር። ጨርሰህ ስትጨምቀው ጭማቂውን አምጣልኝ።”

እጀታውን የያዝኩት እንደ ጠላት አንገት ነበር። ምክንያት አለኝ። ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ የተጫነበት ፓሌት፣ የእንጨት ርብራብ፣ በጋሪ ስጎትት ኖሬያለሁ፤ የጋሪውን እጀታ ላላ አድርጎ የያዘ ሰው የእግሩን ጣት ያጣል። ለልጆቼም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። የያዛችሁትን አጥብቃችሁ ያዙ፤ መጽሐፍም ቢሆን፣ ሥራም ቢሆን፣ የመኪና መሪም ቢሆን። ላላ ተደርጎ ተይዞ መልካም የሆነ ነገር እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ስለ ሎሚው ነገረቻት። ቅዳሜ ቀትር ላይ መጣችና መኪና ውስጥ አስገባችኝ። የወሰደችኝ ታከር፣ እዚያው ፑል ቤት ነው። ባለቤቱ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ፀጉሩ ከመሸበቱ በቀር አልተለወጠም። በሩ ላይ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስወጡ መጡ?”

“ልጫወት ነው” አልኩ። በሕይወቴ ይህን ያህል ያሳፈረኝ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

“እግዚኦ!” አለና ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ሰጠን። “ጨርቁ አዲስ ነው። አደራ።”

ጎንበስ አልኩ፣ ዱላውን ጨበጥኩ፣ መታሁ። ነጩ ኳስ ዘሎ ወለሉ ላይ ወረደና እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ተንከባለለ።

“አባዬ፣ ሪላክስ አድርግ። ጣቶችህ ደም የላቸውም።”

“እየያዝኩት ነው።”

“እያነቅከው ነው። ዱላው ራሱ ይሄዳል፤ አንተ ዝም ብለህ ሸኘው።”

“ካልያዝኩት ይወድቃል።”

“አይወድቅም።”

“ወድቆ ቢሰበር እኔን እንዳትጠይቂኝ።”

ልጄ ወገቧን ይዛ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዓይኗ የምሳ ዕቃዬ ላይ አረፈ። እኔ ከቤት ስወጣ ምሳዬን ቋጥሬ ነው፤ ውጭ መብላት ጨጓራንም ጠባይንም ያበላሻል ብዬ አምናለሁ። ዕቃውን ከፈተች፣ ከእንጀራው አንድ ቁራሽ ቀደደች፣ ቀኝ እጄ ዱላውን የሚይዝበት ቦታ ላይ ጠቀለለችው።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“እሱን ሳትጨፈልቅ ያዝ።”

“እንጀራ መጫወቻ አይደለም!” ሳላስበው ድምፄ የድሮው ድምፅ ሆነ። ወዲያ ማዶ የሚጫወቱ ወጣቶች ቀና አሉ። “እንጀራ ይከበራል!”

“ልክ ነህ” አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ። “አክብረዋ እንግዲህ።”

በራሴ ትምህርት ከተያዝኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ይህ የከፋው ነው። ዱላውን ከነእንጀራው ያዝኩ። እጄ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀውን አስታወሰ፦ እንጀራ አይጨመቅም፣ አይወረወርም፣ አይረገጥም። ሁለት ጣቴና አውራ ጣቴ ብቻ ደገፉት፤ የቀሩት ሁለት ጣቶች ሥራ ፈትተው የት እንደሚሄዱ ግራ ገባቸው። መታሁ። ዱላው ሳይንገጫገጭ ሄደ። ነጩ ኳስ ቢጫዋን ነካት፣ ቢጫዋ ቀዳዳው ውስጥ ገባች።

ልጄ ጮኸች። ያነጣጠርኩት ሰማያዊዋን እንደነበር አልነገርኳትም። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

በአምስተኛው ምት ላይ እንጀራው ተላቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስቼ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁት። ወጣቶቹ ጨዋታቸውን አቁመው አዩኝ። ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ “እንዲህ ነው እንጂ!” ብሎ አጨበጨበ፤ ቀጥሎም “ግን ጋሼ፣ ዱላዬ እንዳይኮመጥጥብኝ” አለ።

መሀል ላይ ዕረፍት ስናደርግ፣ ከልጄ ጋር ሳይሆን ከኳሶቹ ጋር የማወራ መስዬ ጠየቅኳት።

“ያን ቀን ስንት ኳስ ቀርቶሽ ነበር?”

“የቱን ቀን?”

“ታውቂዋለሽ።”

የዱላዋን ጫፍ ጠመኔ ቀባች። “አንድ። ጥቁሯ።”

“እስክትመቻት መጠበቅ ነበረብኝ።”

“ማስወጣትህስ?”

“እሱን ገና እያሰብኩበት ነው።”

“አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው እኮ፣ አባዬ!”

“ጉዳዩ ከባድ ነው።”

ጠረጴዛውን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር፤ ግን ከሳቀች ብዬ ተውኩት።

ስንጨርስ ቁራሿን እንጀራ ይዛ ቆሻሻ መጣያ ስትፈልግ ደረስኩባት። እንጀራ አይጣልም። ተቀብዬ በላሁት። የፑል ጠመኔ ሰማያዊ መሆኑን፣ እጄም በጠመኔ ተለውሶ እንደዋለ ያሰብኩት በኋላ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ አፌን አይታ አማተበች።

“ምንድን ነው የጠጣኸው?”

“ፑል ተምሬ ነው።”

“በአፍ ነው እንዴ የሚጫወቱት?”

በማግስቱ ቅዳሴ ላይ “አሜን” ያልኩት ከንፈሬን ገጥሜ ነበር። ምግብን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ምን እንደነካው አይቶ ነው።

የውድድሩ ቀን ስምንት ጥንዶች ነበርን። ሥራ ቦታ የፑል ጠረጴዛ ምን ይሠራል የሚል ምክር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። ተጋጣሚ ሆነው የደረሱን የልጄ አለቃና የአለቃዋ እናት ናቸው። እናትየዋ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ የራሳቸውን ዱላ በማኅደር ይዘው የመጡ ሴት ነበሩ። ዱላውን እንደ ብዕር ይዘው አራት ኳስ በተከታታይ አስገቡ። “ጎበዝ!” አልኳቸው በአማርኛ። እሳቸውም የገባቸው ያህል በእንግሊዝኛ አመሰገኑኝ።

ተራዬ ሲደርስ እጄ የድሮ ሥራውን ሠራ። አነቀው። ነጩ ኳስ ተነሥቶ በረረና የፓስታ ሰላጣው ሳህን ውስጥ አረፈ። ማንም አልሳቀም፤ ይህ ከሳቅ የባሰ ነው። ልጄ ኳሱን በናፕኪን ጠርጋ ስትመለስ ጆሮዬ ሥር “እንጀራ” አለችኝ።

አሰብኩ። አብዝቼ አስቤው ኖሯል፤ በሚቀጥለው ምት እጄ ጨርሶ ለቀቀው። ዱላው ኳሱን ተከትሎ ጠረጴዛውን አቋርጦ ተንሸራተተና ማዶ ከቆሙት አሮጊት ሆድ ፊት ቆመ። አንስተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

“አሁን ደግሞ በዛ” አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና።

ተሸነፍን። የተሸነፉት እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ ተባለ። ውሃ እየጠጣን ሳለ አንድ ረጅም ባልደረባዋ መጣ። ወንድሙ ቀርቶበት ፓርትነር አጥቷል። ጠዋት ሲለማመድ አይቼው ነበር፤ አንድ ኳስ አልሳተም። ዱላውንም እንዴት እንደያዘው ልብ ብያለሁ፤ የያዘው አይመስልም ነበር።

“አባትሽ ደክመው ከሆነ በእሳቸው ፈንታ ልግባ?” አላት። አስተባባሪዋም ከኋላው ሆና፣ ደንቡ ይፈቅዳል አለች።

ውሃዬን አስቀመጥኩ። ልጄን ማየት አልፈለግኩም፤ ግን አየኋት። ዱላዋን ጠመኔ እየቀባች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም።

“ፓርትነር አለኝ” አለችው፤ ጠመኔውንም ወደኔ ዘረጋችው።

እዚህ ላይ ልመክራት ይገባኝ ነበር። ይሉኝታ ሰውን እንደሚጎዳ፣ ለሥራ የሚበጀውን መምረጥ እንደሚሻል፣ ልጁ ከእኔ አሥር እጅ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ሳልጠየቅ እናገረው ነበር። ዝም ብዬ ጠመኔውን ተቀበልኳት።