ከድልድዩ ወዲያ

በዘጠናዎቹ ጭሮ ውስጥ ጌም ተጫውቶ ያደገ ሰው ሁሉ ድልድዩን ያውቀዋል። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ግን ያየ የለም። አየሁ የሚል ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ድሬዳዋ አክስት ነበረችው። የችሎታ ጉዳይ አልነበረም፤ የጭሮ ልጅ ጣቱ ፈጣን ነው። መብራቱ ነው እንጂ፤ እንደ ድሬዳዋው አይቆይም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ድርግም ይላል፤ ሲመጣም ጌሙ ያለፈውን ሁሉ ረስቶ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይነሣል።

ድልድዩ የነበረው ልብስ ሰፊዋ አሰጋሽ ሳሎን ውስጥ ነው። ባሏ ዳባ በሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጭነት ያወርድ ነበር። አንድ ቀን ከጅቡቲ ከመጣች ነጋዴ የጌም ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ካሴት ገዝቶ ቤት ገባ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለችው።

"እኔም አላውቅም። ግን አያምርም?" አላት። ዳባ እንዲህ ነበር፤ ያላወቀውን ነገር ይወዳል። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወባ ወሰደው። ልጅ አልወለዱም። ለእሷ የቀራት የእግር ስፌት መኪናዋና ያ ማጫወቻ ነበር። ሁለት ዓመት አልቅሳ ሲበቃት ሳሎኗን ጌም ቤት አደረገችው። በሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀለች፤ እሷ ጥግ ይዛ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

ካሴቱ ውስጥ አንድ አጭር ሰውዬ አለ። ቢጫ ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ጉድጓድ ይዘላል፣ እባብ ይረግጣል፣ ከላይ የሚመጡበትን ወፎች ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ልጆቹ "ባለ ሻንጣው" ይሉታል። ወዴት እንደሚሮጥ ማንም አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ብልጭ የሚል ጽሑፍ ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንኳ የለየ የለም። አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው ድልድዩ ያለው፤ ሳንቃው እግር ሲነካው አንድ በአንድ ይወድቃል። መብራቱም ይህን ሰዓት ጠብቆ የሚሄድ ይመስል ነበር።

መብራት ሲሄድ ልጆቹ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። የተነሣ ተራው ይወሰድበታል። ስለዚህ በመጋረጃው ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ዐሥር ዐሥራ ሁለት ልጅ ተፋፍጎ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶም መጎነታተል ይጀምራል። የእግር መኪና ደግሞ መብራት አይፈልግም። አንድ ቀን ጫጫታቸው ሲያንገሸግሻት አሰጋሽ መርገጧን ሳታቆም፣

"ባለ ሻንጣውማ ድልድዩን ተሻገረ" አለች።

ጸጥ አሉ። እሷም ቀጠለች። ከድልድዩ ወዲያ ጭጋግ አለ፤ ጭጋጉ ውስጥ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ሐዲዱ ዳር ባቡር ሲጠብቁ እንቅልፍ የጣላቸው ሰዎች ዕቃቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። ባለ ሻንጣው እንዳይቀሰቅሳቸው ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት ያልፋቸዋል። አንድ ግመል "ሻንጣህ ውስጥ ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱ አይመልስም። ማሽላው መሐል ሲገባ ዛላው በሰውዬው ራስ ላይ ያጎነብሳል። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። እግሯ መኪናውን ሲረግጥ ቃሉ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወጣላት ነበር። መብራት ሲመጣ ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ቅር ይለው ጀመር።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ ቀነኒ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባየች የምትባለው እናቷ ከዓመት በፊት ቤሩት ሄዳ እሷ አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ መሳቃቸውን ተዉ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ባለ ሻንጣው ማሽላውን ሲያልፍ፣

"ሲደርስስ? የት ነው የሚደርሰው?" ብላ ጠየቀች።

"ሲደርስማ አንድ በር አለ" አለች አሰጋሽ። "አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። ታችኛው ጥጉ ተጨርምቷል። አጥሩ ሥር ሎሚ ተተክሏል። ያንኳኳል፤ አንዲት ልጅ ትከፍትለታለች። ሻንጣው ውስጥ ያለው የእሷ ጫማ ነው።"

አሰጋሽ ያንን በር ሁልጊዜ ገበያ ስትወርድ ታየዋለች፤ የቀነኒ አክስት በር ነው። አስባ አልነበረም፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። ልጅቷ ግን በሩን ዐወቀችው።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ መጥታ መኪናው አጠገብ ቆመች። "እትዬ፣ ድልድዩን ካለፍኩ እማዬ ትመጣለች ማለት ነው?"

የአሰጋሽ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። "አይ ልጄ፣ ተረት ነው" ማለት ይገባት ነበር። የልጅቷን ዓይን አየች፤ አንጀቷ አልቻለም።

"አዎ" አለቻት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀነኒ ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ የመጣች ይመስል ጥርሷን ነክሳ ትጫወት ጀመር። ድልድዩ ላይ ደርሳ መብራት ሲሄድባት አታለቅስም፤ ጨለማውን ማያ ገጽ አፍጥጣ ታያለች። "ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ነገም ልምጣ?" ብላ ትሄዳለች። አሰጋሽ እያንዳንዱን ቀን በሁለት ልብ ታሳልፍ ነበር፤ ግማሹ ልቧ ልጅቷ እንድትሻገር ይጸልያል፣ ግማሹ መብራቱ እንዲሄድ። ብትሻገርና በሩ ቢጠፋስ? ብትሻገርና እናቷ ባትመጣስ? ከቤሩት ደብዳቤው መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አክስቷ ወደ ቦርደዴ ስትዛወር ልጅቷንም ይዛት ሄደች። ድልድዩን ሳትሻገር።

ዘመኑም አለፈ። ኳሱና ዲሹ መጣ፣ ልጆቹ አደጉ፤ አሰጋሽ ማጫወቻውን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። "አዎ" ያለችውን ግን የምታስገባበት ሣጥን አጣች። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምስክርነት ሰዓት ተነሥታ፣ ጉባኤው ፊት ቆማ፣ ለአንዲት ልጅ የሐሰት ተስፋ እንደሰጠች ተናገረች። ነገሩ የጌም መሆኑ ሲገባቸው ሰዎች ሳቅ አፈናቸው። ወንጌላዊ ተስፋዓለም በፍቅር፣ "እህት አሰጋሽ፣ ተረትማ ኃጢአት አይደለም፤ ይልቅ ለእኛም ንገሪን" አላት። እሷም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች። ሸክሙ ግን ከእሷ ጋር አብሮ ተቀመጠ።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት ረጅም ሴት ቦርሳ አንግታ ወረደች። ዓይኗን ስታይ አሰጋሽ ስሟን አልጠየቀችም።

"ኮቱ፣ ኮቱ ግቢ! ቀነኒ!"

ተቃቀፉ። ቀነኒ በሚኤሶ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆናለች፤ አላገባችም፤ ጭሮ ውስጥ ቤት ተከራይታለች። "ብዙ አልቆይም፣ ቤት እንግዳ አለብኝ" አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ላፕቶፕ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። "የድሮ ጌሞችን ሁሉ ሰብስቦ የጫነልኝ ልጅ አለ። ባለ ሻንጣውም አለ። ከእርስዎ ጋር ልጨርሰው ብዬ ነው።"

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። አሰጋሽ ሻይ ልጣድ አለች። ሻዩ ተጠጣ። እንጀራ ላቅርብ አለች። ተበላ። ስለ አክስቷ፣ ስለ ቦርደዴ ሙቀት፣ ስለ ጤና ጣቢያው አንድ በአንድ ጠየቀች። ሰዓቱን አየች፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰበብ አልቀራትም፤ ወንበሯን ሳበች።

ሙዚቃው ሲጀምር ሁለቱም ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁለቱም ትንሽ ተሳቀቁ። ያ ሙዚቃ እንደዚህ ችክ ያለ ነበር እንዴ? ሰማዩ የሻገተ ሰማያዊ ነው። እባቡ እባብ አይመስልም፤ ገመድ ነው። ልጆቹን ያስጮኽ የነበረው ጉድጓድ አንድ ስንዝር አይሞላም። ሰው "የድሮው ይሻላል" እያለ ዕድሜውን ይፈጃል፤ የድሮውን መልሶ ቢያዩት ግን ዕቃው እንዲህ ነው። የቀነኒ ጣቶች ብቻ አላረጁም። የት እንደሚዘለል፣ የት እንደሚጎነበስ ከእሷ በፊት ያውቃሉ፤ ስትዘል ትከሻዋ እንደ ዘጠኝ ዓመቷ አብሮ ከፍ ይላል። አሰጋሽ ያንን ትከሻ ስታይ ሳሎኑ ሞላባት፤ ምንጣፉ ላይ የተደረደሩት ልጆች፣ የዳባ "አያምርም?" ማለት፣ ሰማያዊው መጋረጃ ሁሉ ተመልሶ መጣ። አዎ፣ ያምራል፣ አለች በልቧ፤ ምኑ እንደሆነ እንጃ እንጂ ያምራል።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አምፖሉ ድርግም አለ። መብራት ሄደ።

"ተመስገን!" አለች አሰጋሽ፤ አመለጣት።

ላፕቶፑ ግን ንቅንቅ አላለም። በራሱ ባትሪ እየበራ ባለ ሻንጣውን ድልድዩ ላይ አቆመው። ቀነኒ ተሻገረች። ጭሮን ሁሉ ያንገበገበው ድልድይ በስድስት ዝላይ አለቀ።

ጭጋግ የለም። ሐዲድ የለም። ያው ጉድጓድና ያው እባብ ቀለማቸውን ቀይረው ተመልሰው መጡ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ወፍ ሦስቴ ተመታና ወደቀ፤ ማያ ገጹ ጠቆረ፤ ማንም የማያነበው አንድ መስመር ጽሑፍ አለፈ። ከዚያ ባለ ሻንጣው ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ መጀመሪያው ቦታ ላይ ቆሞ ተገኘ።

"በሩ የለም" አለች አሰጋሽ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ካሴቱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። 'አዎ' ብዬሽ ስንት ዓመት ጠበቅሽ። ይቅር በይኝ።"

ቀነኒ ጆሮዋን አላመነችም። "እትዬ፣ ይኼን ይዘው ነው እስከ ዛሬ የተቀመጡት? እኔኮ ኮሌጅ እያለሁ ሐረር ላይ ጨርሼዋለሁ። በሩ እንደሌለ ያኔ ነው ያወቅኩት። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩዎት፤ ከዚያ ደግሞ ለእኔ ብቻ የተሠራ መሆኑ ሲገባኝ አለቀስኩ። ያንን በር ባይሰጡኝ ኖሮ በምን እጠብቅ ነበር?"

አሰጋሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ታዲያ የምታውቂውን ለምን ይዘሽ መጣሽ?"

ቀነኒ ላፕቶፑን ከደነችው፤ ሳሎኑ ከውጪ በሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ።

"እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አጥቼ ነው። እማዬ መጥታለች። ባለፈው ሳምንት። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እስከዚያ ድረስ ያለውን በቃሌ ዐውቀዋለሁ፤ ያንኳኳል፣ ትከፍትለታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እርስዎም አልነገሩኝም። ሶፋ ላይ ተቀምጣ እኔን ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ። የምንባባለው ጠፋን። ዛሬም ገበያ ልሂድ ብያት ነው የወጣሁት።"

አሰጋሽ ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች፤ መኪናው ፊት ተቀመጠችና እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። ጨርቅ አልነበረም፤ ባዶውን ረገጠችው። ቀነኒ ሳይነገራት ከወንበሩ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"በሩ ሲከፈት ልጅቷ መጀመሪያ ምንም አትናገርም" አለች አሰጋሽ። "እሱም አይናገርም፤ የመጣበት መንገድ ሩቅ ነው። ሻንጣውን ትቀበለዋለች። ከባድ ነው። ትከፍተዋለች፤ ጫማው አለ። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫማ ነው።"

ቀነኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እማዬም አምጥታለች" አለች ቀስ ብላ። "ቀይ ጫማ። አልጋው ሥር ደበቅኩት።"

"አውጪዋ" አለች አሰጋሽ፤ እግሯን ሳታቆም። "ፊቷ ሞክሪው። እንዳልገባልሽ ትይ።"