ሳንጎነበስ የተማርነው ጁዶ

ባለፈው ሐምሌ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር አዳልጦኝ ወደቅሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከመስጊድ ወጥቼ አስፋልቱን ልሻገር ስል እግሬ ከዳኝ። በእኔ ዕድሜ መውደቅ ቀልድ አይደለም፤ ከእኩዮቼ ውስጥ እንዲህ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የቀሩ አሉ። እኔ ግን ሳላስበው አገጬ ደረቴ ላይ ተጣበቀ፤ ክንዴና መዳፌ መሬቱን ጧ አደረጉት። አንድ የባጃጅ ሹፌር እየጮኸ ሲሮጥ መጣ። እኔ ደግሞ በጀርባዬ ተጋድሜ እስቃለሁ። እኔ የረሳሁትን ትምህርት ገላዬ አልረሳውም ነበር።

ትምህርቱን ያገኘሁት እዚሁ ከሚሴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ካራቴ እንወድ ነበር፤ እንችል ነበር ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ደሴ ሲኒማ ቤት ያየነውን እየቀዳን ቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ አየሩን እንራገጣለን፤ እንጮኻለን። በተለይ ጩኸቱ ተሳክቶልን ነበር። ከብት ሊያጠጡ የሚመጡ ሰዎች "እነዚህን ደግሞ ምን ያዛቸው?" እያሉ ዞረው ያልፉን ነበር።

አንድ ቀን የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአዲስ አበባ የጁዶ አሰልጣኝ መጥቶ አንድ ሳምንት ሊያሰለጥነን መሆኑን ነገረን። ጁዶ ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ሰይድ "የካራቴ ታላቅ ወንድም ነው" አለ፤ አመንነው። እንደዚያ የጓጓሁለት ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው።

አባቴ በሰፈራችን መስጊድ አዛን የሚያደርግ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ስፖርቱን አልከለከለኝም፤ ነገር ግን አንድ ዘመዳችን የጁዶ ሰዎች ላሰልጣኛቸው ይጎነበሳሉ ብሎ ነግሮት ኖሯል። ስወጣ ከበር ጠራኝ።

"ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ታገል፣ ተጫወት፤ ጉልበት የአላህ ስጦታ ነው። ሩኩዕ ግን ለሱ ብቻ ነው። ለሰው ጎንበስ ብለህ እንዳትመጣ።"

ሩኩዕ በሶላት ጊዜ ጎንበስ የምንልበት ነው። "እሺ አባ" ብዬ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም።

ኅዳር ነበር። ጨፋ ሜዳ ማሽላው እየታጨደ፣ ከተማው ሁሉ ጥንቅሽ እየመጠጠ፣ መንገዱ በልጣጭ ተሞልቶ ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ጭድ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ተደርድረው ሸራ ተነጥፎባቸዋል። አሰልጣኝ ታደሰ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነበር። "ጁዶ በአክብሮት ይጀምራል፤ እንደኔ አድርጉ" ብሎ ጎንበስ አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። የሁላችንም አባቶች አንድ ነገር ሳይናገሩ አልቀሩም።

ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ጓዶች፣ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው! የማይጎነበስ ይውጣ!"

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ቀላል አልነበረም፤ ዛሬ ኋላ ቀር የተባለ ሰው ነገ የባሰ ስም ሊወጣለት ይችላል። ብጎነበስ አባቴን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ብወጣ ጁዶው ቀረ፣ ስሜም ተያዘ። በጣም ፈራሁ። ከፍርሃቴ ብዛት ይመስለኛል አፌ ተከፈተ።

"አሰልጣኝ፣ ማክበሩን እምቢ አላልንም። የምንጎነበሰው ለአላህ ነው፤ ሰው የምናከብረው በሌላ ነው።"

"በምን?" አለኝ። ቁጣ የለበትም።

በቃል ማስረዳቱ ስላቃተኝ ሸራው ላይ ወጣሁና እጁን ጨበጥኩ። ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ ወደ ከንፈሬ አንስቼ ሳምኩት። ከዚያ ጠበቅሁ።

የወሎን ሰላምታ የሚያውቅ ለምን እንደጠበቅሁ ያውቃል። እጅ የሚሳመው ከሁለት ወገን ነው፤ እኔ ያንተን፣ አንተ የኔን። አንዱ ስሞ ሌላው ዝም ካለ ሰላምታው ግማሽ ላይ ቀረ፤ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያዲስ አበባው ሰው ይህን ከየት ይወቀው? ያለቀ መስሎት እጁን ሳብ አደረገ። አልለቀቅሁም። ደግሞ ሳበ። አሁንም አልለቀቅሁም።

"ተራዎ ነው፣ አሰልጣኝ!" አለ ሰይድ ከኋላዬ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኙ እኔን አየ፣ የተያያዘውን እጃችንን አየ፣ ከዚያ እጄን አንስቶ ሳመ። "አያያዝህ ጥሩ ነው" አለኝ። ወደ ሊቀ መንበሩም ዞር ብሎ፣ "ጓድ፣ አክብሮቴን ተቀብያለሁ፤ እንጀምር" አለ። ሊቀ መንበሩ ተቀመጠ። እኛም አንድ በአንድ እየተሳሳምን ሸራው ላይ ወጣን።

የተማርነው ግን መውደቅ ነበር፤ በጎን፣ በጀርባ፣ አገጭን ሰብስቦ፣ መሬቱን በመዳፍ መትቶ። መጣል ልንማር የመጣን ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ ስንወድቅ ዋልን። "ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ" የሚለውን ተረት አሰልጣኙ የሰማው አይመስልም። ሰይድ ልብሱ ሲጎተት እንዳይቀደድ ብሎ ያባቱን የካኪ ኮት ለብሶ መጥቶ እጅጌውን አስገንጥሎ ሄደ።

በመጨረሻው ቀን ሕዝብ ተጠርቶ እኛ ልጆቹ ትርኢት አሳየን። አባቴም መጥቶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሲያልቅ አሰልጣኙ በሰዉ መሃል አልፎ ወደሱ ሄደ፤ እጁን ጨብጦ ሳመና ጠበቀ። አባቴ መልሶ ሳመው።

"ልጆቹን ምን አስተማርካቸው?"

"መውደቅ።"

"እሱንስ ሳይማሩም ያውቁበታል" አለ አባቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ወደ ቤት ስንሄድ "አልጎነበስኩም አባ" አልኩት።

"አውቄያለሁ። ሰውየው እጄን ስሞ ሲጠብቀኝ ገባኝ" አለኝ። ጥንቅሽ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም ሳስበው ደረቴን ይሞላዋል።

ሦስቱም ዛሬ አጠገቤ የሉም፤ አባቴና ሰይድ አርፈዋል፣ አሰልጣኙም ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ። ሊያስተምር መጥቶ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ ሰው እያየው፣ ለመማር ያላፈረ ግን እሱን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የምወደው።

የባጃጁ ሹፌር "አብሽሩ አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?" እያለ ክንዴን ይዞ አነሳኝ። እጁን ጨብጬ ሳምኩት። ልጁ ደነገጠ። "ኧረ አባባ፣ እርስዎ የኔን!" ብሎ እጁን ሊያሸሽ ሳበ።

አልለቀቅሁትም። አያያዜ ዛሬም ጥሩ ነው።

"ተራህ ነው" አልኩት።