ዘሪሁን ይመለስ፣ አይመለስ

አሰልጣኝነት የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ኳስና ጆንያ ውስጥ የታጨቀ ማልያ ነው። ከሁለቱ ኳሶች የአንደኛው ከመነዳሪ አየር ያፈስ ስለነበር ልምምዱን የጀመርነው በአንዱ ብቻ ነው። ዕቃውን ያስረከበኝ የፋብሪካችን የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ አበራ ነበር።

«ጓድ ወርቁ፣ የሽመና መኪና ስትጠግን ኖረሃል። ይህንንም ቡድን እንደዚያው ጠግንልን» አለኝ።

«መኪናዎቹንስ ማን ይይዝልኛል?»

«አንተው ነሃ! ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ።»

በደርግ ዘመን እንደኛ ያለ ክለብ ማለት ፋብሪካው ራሱ ነበር። ተጫዋች የሚመጣው ለኳስ ቢሆንም የሚቀጠረው በሠራተኛነት ነው። በረኛችን መጋዘን ይጠብቃል፣ አምበላችን ለማ ፈትል ክፍል ይሠራል። ለስፖርተኛ የተፈቀደው የቅጥር ቦታ ውስን ስለነበር፣ ቦታው ከሞላ አንድ ሰው ለማስገባት አንድ ሰው ማስወጣት ግድ ነው።

ፋብሪካችን ያለበት ጉለሌ ዳገት አያጣም። ጉልበት እንዲያወጡ ብዬ ወደ እንጦጦ አስሮጣቸው ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሲያገኙን ቆም ይሉና «እናንተ ልጆች፣ ማን ነው የሚያባርራችሁ?» ይሉናል። ለማ ወደኔ እያመለከተ «እኚህ ሰውዬ!» ይላቸዋል።

ዘሪሁንን ያገኘሁት ቀጨኔ ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ቤታቸው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ እዚያ ሰፈር ኳስ ያመለጠው ልጅ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ ማምጣት አለበት። ዘሪሁን ኳስ እግሩ ላይ የምትቀርለት ይህን መከራ ሽሽት ይመስለኛል። ከፍ ያለች ኳስ ስትመጣለት ሌላው ሰው ይሮጣል፣ እሱ ይቆማል። ኳሷ ወዳለበት ትመጣለች።

ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ሰጠሁት። እሱ ባገባው ጎል አንደኛ ዲቪዚዮን ገባን። እሑድ እሑድ ከጨዋታ በኋላ ከስታዲየም እስከ ጉለሌ የሚዘፈነው ስሙ ነበር።

ከዚያ አንድ ትልቅ ክለብ ፈለገው። ቤት እንሰጥሃለን አሉት። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም፤ ማክሰኞ ለልምምድ አልመጣም። ረቡዕ ወሬውን ከሱቅ ሰማሁ። እሑድ ጨዋታ አለብን። ለማ ታኬታውን እያሰረ «ወንድሜ ነው እል ነበር» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

በሱ ቦታ የገባው ታምሩ የሚባል የማቅለሚያ ክፍል ልጅ ነው። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አይምልም፣ አይሳደብም፣ ዳኛ ሲበድለው እንኳ ዝም ይላል። እንደ ዘሪሁን ያለ እግር አልነበረውም። ሮጦ ግን አይደክምም። ሦስት ጊዜ ይስታል፣ በአራተኛው ያገባል። ደጋፊው በሦስቱ ሲሳደብ ይቆይና በአራተኛው ያጨበጭባል።

ዘሪሁን በሄደ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከወራጆቹ ተርታ ገባን። ልክ በዚያ ሰሞን ዘሪሁን ከአዲሱ ክለቡ ጋር ተጣልቶ ተለቀቀ። ቀጨኔ እናቱ ቤት ገብቷል ተባለ። ጉለሌ በአንድ ሌሊት ለሁለት ተከፈለች። ጠጅ ቤት «ይመለስ» የሚልና «ከሃዲ ነው» የሚል ጎን ለጎን መቀመጥ ተወ። ፋብሪካ በር ላይ ሠራተኞች ሲገቡም ሲወጡም ይይዙኛል። «አሰልጣኝ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ጓድ አበራ ቢሮው አስጠራኝ።

«ዘሪሁን ይፈርማል። ታምሩ ይወጣል። በቃ።»

«ታምሩ ኮንትራት ነው ጓድ። ከክለቡ ከወጣ ከሥራውም ይወጣል።»

«አውቃለሁ።»

«ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና እየመዘገበ ነው። ልጁ ዕድሜው ደርሷል። እስካሁን ያስቀረው የፋብሪካው ሥራ ነው።»

ጓድ አበራ ክፉ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስማኝ ወርቁ። ከዲቪዚዮን ከወረድን አስተዳደሩ ክለቡን ይበትነዋል፤ ተነግሮኛል። ያኔ የሚወጣው አንድ ታምሩ አይደለም። ሁሉም ናቸው። አንተ አንዱን ታያለህ፤ እኔ ሁሉንም ማየት አለብኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፤ እሱንም አልጨርሰውም። አንድ ቀን የብሎን መፍቻዬን የሽመናው መኪና ውስጥ ረስቼ ልከድነው ስል መኪናው ላይ የምትሠራው ሴት እጄን ያዘችኝ። «ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬስ እዚህ የሉም» አለችኝ።

ዘሪሁንን ሳላየው አልወስንም ብዬ ለልምምድ ጨዋታ ጠራሁት። ልቤ እንዲከሽፍበት ይመኝ ነበር፤ ቢከሽፍ ነገሩ ይቀለኛል። አልከሸፈም። እንዲያውም አድጎ መጣ። ሁለት አገባ፤ አንዱን በቴስታ፣ አንዱን በረኛውን አስቀምጦ። ሁለተኛውን ያቀበለው ታምሩ ነው። ራሱ መምታት ሲችል ዘሪሁን የተሻለ ቦታ ላይ መሆኑን አይቶ ሰጠው። እኔ መስመሩ ዳር ወዲያና ወዲህ እያልኩ የፊሽካዬን ገመድ በጥርሴ እገዘግዛለሁ።

ከልምምድ በኋላ ከዘሪሁን ጋር ወደ ቀጨኔ ሄድኩ።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?» አልኩት።

ትንሽ ከተራመደ በኋላ «ብነግርዎት ኖሮ አልሄድም ነበር» አለኝ። «ፊትዎን አይቼ እቀር ነበር። መሄድ ደግሞ ፈልጌ ነበር።»

«አሁንስ ለምን ትመለሳለህ?»

«ሥራ የለኝም ጋሼ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ጭቃ ማሸት እንጂ ማስጌጥ አልቻለችም። ቦታ አለ አሉኝ፣ መጣሁ።»

«የማን ቦታ እንደሆነ ነግረውሃል?»

ቆመ። አልነገሩትም ነበር። ስነግረው መንገዱ ዳር ያለ ግንብ ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ ኳስ የሰጠኝ ልጅ?» አለ። ከዚያ ደግሞ ቀና ብሎ «እኔ ምን ላድርግ? ይቅርብኝ ልበል? እኔም እኮ የምበላው የለኝም» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ማቅለሚያ ክፍል ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ለሰው ፊት የማይሰጡ፣ ቀለም የተበላሸ እንደሆነ ከሩቅ የሚያውቁ ሴት። ኳስ አይወዱም። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ከእንፋሎቱ መሀል ቆመው ሰሙኝና «ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነው» አሉኝ። «ለኳስ ባትፈልጉት እኔ ለቀለም እፈልገዋለሁ። ቋሚ አድርጉልኝ ብዬ እጠይቃለሁ።»

ቋሚ ሠራተኛን ፋብሪካው ለምርት ይፈለጋል ብሎ ከዘመቻ ያስቀረው ነበር። «እትዬ፣ መቼ ያልቃል?» አልኳቸው።

«እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ። ከዚያ በፊት ግን ከሥራ ካሰናበቱት በእጄ የለም፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ብቻ ነበር። ጊዜ ደግሞ ያልነበረን ነገር ነው። የቀሩን አራት ጨዋታዎች ናቸው።

ያኔ ነገር ሁሉ በስብሰባ ነበርና ተጫዋቾቹና ኮሚቴው በአዳራሽ ተሰበሰብን። ጓድ አበራ ስለ ክለቡ አደጋ ተናገረ። አሳምሮም ተናገረ። ለማ ተነስቶ «ዘሪሁን ከገባ እኔ እወጣለሁ እል ነበር። አሁን ግን ልጆቻችን እንጀራ የሚበሉበትን ክለብ በቂሜ አላፈርስም» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ «ዘሪሁን እንዲመለስ የምትደግፉ» ተባለ። እጆች ወጡ። ዞር ብዬ ሳይ የታምሩም እጅ ወጥቷል። ጣቶቹ ሰማያዊ ነበሩ፤ ከማቅለሚያ ክፍል በቀጥታ የመጣ ልጅ ነው።

«ተቃውሞ?»

የኔ እጅ ብቻ ወጣ።

«ምክንያት?» አለ ጓድ አበራ።

«ሁለት ጨዋታ ታገሡኝ። ታምሩን ይዤ ልጫወት። ካልሆነ ያኔ ዘሪሁን ይፈርም።» የእትዬ አስካለን ነገር አላነሳሁም። በስብሰባ ላይ ብናገር ገና ሳይበስል የሚያበላሽብኝ አላጣም።

ጓድ አበራ ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፈው። «በራስህ ኃላፊነት ነው። ካልቀናህ ወደ መኪናህ ትመለሳለህ።»

«እመለሳለሁ።»

በመጀመሪያው ጨዋታ አቻ ወጣን። ታምሩ የቻለውን ሁሉ ሮጠ፤ አንድ ኳሱ ቋሚውን መትቶ ተመለሰ። በሁለተኛው አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ነው ያሳለፍኩት። በአእምሮዬ የሚመላለሰው የጓድ አበራ ቃል ነበር፦ «ሁሉም ናቸው።» አንዱን ላድን ስል ሁሉንም ገደል ከጨመርኩስ? ከደጋፊው መሀል አንዱ «ወርቁ፣ ቤታችንን አፈረስከው!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን አወቅኩት፤ ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው።

ሰኞ ፊሽካውን አስረከብኩ። ዘሪሁን ፈረመ። የታምሩ የስንብት ደብዳቤ ገና ሳይወጣ፣ በዚያው ሳምንት እትዬ አስካለ በሽመና ክፍል በኩል ሲያልፉ ሳይቆሙ «የዚያ ልጅ ጉዳይ አልቋል፤ ቋሚ ሆኗል» ብለውኝ ሄዱ። መኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። እዚያው ጥቂት ቆየሁ።

ታምሩ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። በንዴት መጣ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ማን ለምኖዎት ነው?» አለኝ። «ኳስ ተጫዋች ነኝ። ማቅለሚያ ውስጥ ቀበሩኝ።»

«ከዘመቻው ቀረህ እኮ፣ ልጄ።»

«ይገባኛል! ግን ለራሴ አልነገሩኝም። ቢነገረኝ እኮ ደህና ልጫወት እችል ነበር። ሁለቱንም ጨዋታ የተጫወትኩት እየፈራሁ ነው።» በስብሰባው ላይ እጁን ለምን እንዳወጣ ጠየቅኩት። «ብቃወም ለራሱ ነው አይሉኝም?» አለኝ።

ለብዙ ቀን ሰላምታ ነፈገኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ስታዲየም የገባሁት ከተመልካቹ ጋር ነው። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ቦታ ፈልጌ ስቀመጥ ታምሩ ከኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ እሱ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ለማ ከቀኝ በኩል ኳስ አሻገረ። ያ ሁሉ ሰው ሲሮጥ ዘሪሁን ቆመ። ኳሷ መጣችለት። በቴስታ መረብ ውስጥ አሳረፋት።

ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ታምሩም ተነስቶ እንደ ሕፃን ዘለለ፣ አንገቴን አነቀኝ። ከዚያ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። አልገፋኝም።

ክለቡ አልፈረሰም። ዘሪሁን ሦስት ዓመት ተጫወተልን፤ እናቱንም አሳከመ። ታምሩ ማቅለሚያ ክፍል ቆይቶ እትዬ አስካለ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ወረሰ። እኔን ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሰው አሰልጣኝ አደረጉኝ፤ በሥራው እስከ ጡረታዬ ቆየሁ።

ብዙ ሰው ዛሬም ዘሪሁን መመለስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም እያለ ይጠይቀኛል። ነበረበት። በኳሱ ጓድ አበራ ልክ ነበር። ግን የሄደ ተጫዋች ሲመለስ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም፤ ሰው አለበት። ያንን ሰው የት እንደምታሳርፈው ሳታውቅ አታስፈርም። ስታውቅ ደግሞ በመጀመሪያ ለራሱ ንገረው።