የእትዬ የሺ ባና

ረቡዕ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

ከቤት የወጣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣው ከአቶ ብሩክ ጋር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ግሼ ራቤል ጉዞ ጀመርን። ብሩክ ለትናንሽ ማህበራት ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ሥራው ጠያቂዎቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ ችግራቸውን በዓይኑ ማየትና ያየውን መጻፍ ነው።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግራቸው ማህበራት በነፃ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ «የድሆች ጸሐፊ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄዋለሁ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ጎብኚ እስከ ማስላክ የደረሰው ግን ይህ የራቤሉ ብቻ ነው።

ጠያቂዎቹ የማርያም ጽዋ ማህበር ሴቶች ናቸው። ከሩቅ ቀበሌ ለመውለድ የሚመጡ እርጉዞች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉባት አንዲት ጎጆ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ሠርተዋል። ተራ ገብተው ያበስላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ባለፈው ክረምት ሄጄ ሳያት ጎጆዋ ታፈስ ነበር። ሁለት እርጉዞች መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ተኝተው፣ አንደኛዋ ጠብታውን ሽሽት ግድግዳው ሥር ተለጥፋ አየሁ። ቆርቆሮ፣ ስድስት አልጋና ብርድ ልብስ ጠየቅንላቸው።

ከጉዞው በፊት ለማህበሩ ሰብሳቢ ለእትዬ የሺ ደውዬ፣ «ሐሙስ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። ሌላ ያልኳቸው ነገር የለም። አሁን ሳስበው ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ላይ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር በቀስታ አለፍነው። ሞላሌ ላይ ሽሮ በላን። ብሩክ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እየበላ የሥራውን ገጠመኝ አወራኝ።

«አንዳንድ ቦታ የልጆቹን ጫማ አስወልቀው ይጠብቁኛል» አለ። «ችግር ሲያጋንኑብኝ ያናድደኛል።»

«የመንዝና የግሼ ሰው እንደዚያ አያደርግም» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ አልጋ ያዝን። ከገበያው ዳር አንድ ብርጭቆ የገብስ ቆሎ በሃያ ብር ገዝተን ለነገው መንገድ በኪሳችን ከተትን።

ሐሙስ፣ ጓሳና ራቤል

ጓሳ በሚባለው የሣር ሜዳ ላይ ብሩክ ሦስት ጊዜ መኪና አስቁሟል፤ አንዴ ጅብራ ለሚባለው ረጅም የደጋ ተክል፣ ሁለቴ ለጭላዳ ዝንጀሮዎቹ። ሣሩ በአገሬው ደንብ የተጠበቀ መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ ማጭድ ያስገባ ሰው እንደሚቀጣ ነገርኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ራቤል ልንደርስ ስንል አህያ የሚነዳ ሰውዬ በእኔ በኩል ቀርቦ፣ «የማርያም ቤት እንግዶች ናችሁ?» አለኝ።

«አዎ።»

«በሰላም ግቡ። ክዳኑን ትናንት ጨርሰነዋል። ሣሩ ስንት ተለምኖ መሰለህ የተፈቀደው።»

ብሩክ ስልኩን እያየ ስለነበር ልብ አላለውም። እኔ ሰምቼ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ሞኝነቴ!

ጎጆዋን አላወቅኳትም። ጣሪያዋ አዲስ ሣር ለብሷል፣ ግድግዳዋ ተለቅልቋል። ውስጥ አራት አልጋ ተደርድሯል፤ ቁርበቶቹ የሉም። ሁለት እርጉዞች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንሶላውን እንዳያጨማድዱ የፈሩ ይመስላሉ። ጥግ ያለው አልጋ ላይ ዳሩ ቀይ የሆነ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተነጥፏል። አልጋውንም ባናውንም አውቃቸዋለሁ። ክረምት ላይ እትዬ የሺ ቤታቸው ሲያሳድሩኝ የተኛሁት በእነሱ ነው። እቤታቸው ሌላ አልጋ የለም።

በግ ታርዷል፣ ጠላ ተጠምቋል። ከተበላ በኋላ ብሩክ ማስታወሻውን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ማህበራችሁ ምን ይጎድለዋል?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማርያም ትመስገን፤ ምን ይጎድለናል? እናንተን በሰላም አምጥታልናለች።»

ሴቶቹ ሁሉ «ተመስገን» አሉ።

«ጣሪያው ክረምት ላይ ያፈስ አልነበር?» አልኩ እኔ፣ በዓይኔ እየለመንኳቸው።

«በክረምት የማያፈስ የማን ቤት ነው?» ብለው ሳቁ። ብሩክም ሳቀ።

ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና አስጠራኋቸው። «እትዬ የሺ፣ ችግሩን ካልነገሩት እኮ አይሰጥም።»

«አንተ ጽፈህለት የለም እንዴ?» አሉኝ፣ ግራ ገብቷቸው። «በጽሑፍ ያየውን፣ እንጀራ እያጎረስኩት፣ በአፌ ልድገምለት? ምን ሲባል ልጄ! እንግዳ ይመጣል አልከኝ፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ገመና አይዘረገፍም።»

ተመልሼ ገብቼ «አልጋዎቹ የውሰት ናቸው» ማለት እችል ነበር። ግን በራሳቸው ቤት፣ በማህበርተኞቻቸው ፊት እሳቸውን ማዋረድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ኋላ በደብዳቤ አስረዳለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ስንሰናበት ብሩክ ባናዋን ዳሰስ አድርጎ «እንዴት ታምራለች» አለ። ያን ጊዜውኑ እትዬ የሺ ከአልጋው አንሥተው አጥፈው ክንዱ ላይ አኖሩለት። እንቢ ቢል፣ ቢለምን፣ አልሰማ አሉ። «ብርድ አገር ነው የምታልፈው ልጄ፤ ልበሳት።»

ዓርብ፣ ወደ ቤት

መሐል ሜዳ አድረን ስንመለስ ቁርሱንም መንገዱንም አላጣጣምኩትም። ብሩክ ግን ደስ ብሎታል፣ ስለ ሴቶቹ ጨዋነት ደጋግሞ ያወራል። ደብረ ብርሃን ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ፣ «አንተ የጻፍከውና እኔ ያየሁት አይገናኝም» አለኝ በትሕትና። «ማህበሩ ራሱን ችሏል ብዬ ነው የምጽፈው። የባሰባቸው አሉ።»

ያኔ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ አልጋውን፣ ክዳኑን፣ ቁርበቱን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል ብዬ እንኳ አላፈርኩም።

«እዚያው ብትነግረኝ ኖሮ ከሴቶቹ የአንዷን ቤት ገብቼ አይ ነበር» አለ ብሩክ። «አሁን ግን የምጽፈው ያየሁትን ነው። ላላየሁት ብፈርም እኔም እጠየቃለሁ።» ከዚያ ባናዋን ከኋላ ወንበር አወጣ። «ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። እዚያ ብመልስላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ነው። አደራ፣ አድርስልኝ።»

እንግዳ አክባሪነታቸውን እያወቅኩ፣ «እንግዳ» ያልኳቸው ሰው ችግር መርማሪ መሆኑን አስቀድሜ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ማመልከቻ አሳምሬ መጻፌ ብቻውን ምንም አልጠቀማቸውም። ጓሮ ቆሜ የመረጥኩት ዝምታም ክብራቸውን ለመጠበቅ ይምሰለኝ እንጂ ዋጋውን የሚከፍሉት ቁርበት ላይ የሚተኙት ናቸው።

ጫማዬን ሳላወልቅ እትዬ የሺ ደወሉ።

«እንግዳው ደህና ገባ?»

«ደህና ገብቷል።»

«እሰይ። እኛም አልጋዎቹን ለየባለቤቶቹ መለስን። ቁርበቱንም ለእርጉዞቹ አንጥፈንላቸዋል። እንግዲህ የሚሰጠንን እንጠብቃለን።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ባናዋስ? መንገድ ላይ ሞቀችው?»

ባናዋ ጭኔ ላይ ነበረች።

«ሞቀችው» አልኳቸው።